ትንበያው ዝናብ ይላል፤ ተዳፋቱስ ምን ይላል?

በዚህ ሴሚስተር የተፈጥሮ አደጋዎችን በሚመለከተው ኮርሳችን ውስጥ ያለው የበረዶ ናዳ ቻፕተር ይቅር ወይስ ይቆይ የሚል ክርክር በተማሪው መካከል ተነስቶ ሰንብቷል። ይቅር የሚሉት ወገኖች ሐሳብ ግልጽ ነው። «በረዶ ማለት እኛ ዘንድ ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ሰብል የሚያበላሽ ነገር ነው። ራስ ዳሸን ላይ አልፎ አልፎ ከሚታየው በስተቀር በረዶ ለብሶ የሚከርም ተራራ የለንም። ታዲያ የካናዳንና የአሜሪካን ተራራ ማጥናት ምን ያደርግልናል? ጊዜው ለድርቅ፣ ለጎርፍና ለአፈር መሸርሸር ቢውል አይሻልም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የክፍለ ጊዜ እጥረት እንዳለብን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ግን ይቆይ ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴ ያላየሁትን በረዶ ለማወቅ ካለኝ ጉጉት የመጣ አይደለም። እንደኔ እንደኔ ያ ቻፕተር በዋናነት የሚያስተምረን በአየር ትንበያና በአደጋ ማስጠንቀቂያ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። «ነገ ከባድ ዝናብ ይጥላል» ማለት ትንበያ ነው። «ነገ ከሰዓት በኋላ ከዚህ ከፍታ በላይ፣ ፊቱን በዚህ አቅጣጫ ያዞረው ተዳፋት ሊናድ ስለሚችል ከሥሩ አትቁሙ» ማለት ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። የመጀመሪያው ስለ ሰማዩ ይናገራል፤ ሁለተኛው ሰማዩ መሬቱን ምን እንደሚያደርገውና ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራል። የሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ሕዝብ ይህን ልዩነት የተማረው ብዙ ሰው ከቀበረ በኋላ ነው። ብልህ ከሌላው ውድቀት ይማራል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረውም ከእነሱ ውድቀት ምን መውሰድ እንደምንችል ነው። (የውጭ አገር ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

የባሕር ዳርቻ ተራሮች ጠባይ

በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም። ከባሕር ርቀው የሚገኙት እንደ ኮሎራዶ ያሉ ተራሮች ላይ ብርዱ ይበረታል፣ በረዶው ግን ስስ ነው። እዚያ በበረዶው ውስጥ የሚፈጠር ደካማ ንብርብር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆያል። በዋሽንግተን ግዛት ባሉት የካስኬድ ተራሮችና በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ባሉት የዳርቻ ተራሮች ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር ተራራውን ሲገጥም ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ያራግፋል። በመጀመሪያ ዓመት ክላይማቶሎጂ ላይ የተማርነው ነገር ማለት ነው። ውጤቱ ግን የሚያስደነግጥ ነው። በካስኬድ ሰንሰለት ውስጥ በሚገኘው የማውንት ቤከር የበረዶ መንሸራተቻ ሥፍራ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 1999 ባለው አንድ የበረዶ ወቅት ብቻ 28.96 ሜትር በረዶ ጥሏል። በወቅቱ በዓለም ከተለኩት ሁሉ የበለጠ ተብሎ ተመዝግቧል። አሥር ፎቅ ያህል ሕንፃ መሆኑ ነው እንግዲህ!

የእነዚህ ተራሮች ሁለተኛ ጠባያቸው ሙቀታቸው ከዜሮ ዲግሪ ብዙ የማይርቅ መሆኑ ነው። አየሩ በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል ብለን ተምረናል። ስለዚህ ሙቀቱ በ3 ዲግሪ ብቻ ከፍ ቢል ዝናብና በረዶ የሚለያዩበት መሥመር ወደ 460 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወጣል። ጠዋት ደረቅ በረዶ ሲጥልበት የነበረ ተዳፋት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊዘንብበት ይችላል ማለት ነው። ይኼ ደግሞ ትልቁ ጠንቅ ነው። ዝናቡ በአዲሱ በረዶ ላይ ክብደት ይጨምርበታል፣ ጥንካሬ ግን አይሰጠውም። እንዲያውም ቅንጣቶቹን አያይዞ የያዛቸውን ነገር ያላላዋል። ዝናብ በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ናዳ የወረደባቸው ጊዜያት አሉ።

ሌላው ንፋሱ ነው። ንፋስ ከአንደኛው የተራራ ወገን በረዶውን ጠርጎ ወደ ሌላው ወገን ይከምረዋል። ከሰማይ አንድም ቅንጣት ሳይወርድ ተዳፋቱ ሊጫን ይችላል። ከሥር ቀዝቃዛና ቀላል በረዶ ጥሎ፣ አየሩ ሞቅ ሲል ከላይ ከባድና እርጥብ በረዶ ሲደረብበትም እንደዚሁ አደገኛ ነው። በላላ አፈር ላይ ጡብ እንደመደርደር ቁጠሩት። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ይህ ሲሆን፣ የላይኛው ንብርብር እንደ ሰሌዳ በአንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ይለቃል። በፊልም የምናየው በድምፅ የሚነሳ ናዳ ብዙውን ጊዜ ውሸት ነው። ሰዎች ከሚያልቁባቸው አደጋዎች መካከል በአብዛኞቹ ናዳውን የሚያስነሳው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። የአንድ ሰው ክብደት ይበቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የዳርቻው በረዶ ጥቅጥቅና ሞቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረጋጋል። አደጋው የሚብሰው ማዕበሉ እያለና ከማዕበሉ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ነው። ለዚህም ነው በዳርቻው ተራራ ላይ አየሩን መከታተል ማለት አደጋውን መከታተል ማለት ነው የሚባለው። ታዲያ አየሩን መከታተል ብቻውን ለምን አልበቃም? እስቲ ወደ ታሪኩ እንሂድ።

የ1910 ሁለት ሌሊቶች

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1910 መጨረሻ በካስኬድ ተራሮች ውስጥ በሚገኘው በስቲቨንስ ማለፊያ ሁለት ባቡሮች በበረዶ ምክንያት መንቀሳቀስ አቅቷቸው ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ለቀናት ቆሙ። አንደኛው መንገደኞችን፣ ሌላኛው ፖስታ የጫነ ነበር። ከበላያቸው ያለው ተዳፋት ቀደም ሲል ደኑ በእሳት የወደመበት ነበር። በረዶው ጣለ፣ ጣለና አየሩ ሞቀ። ዝናብ መጣ፣ ነጎድጓድም ተሰማ። አንዳንድ መንገደኞች ነገሩ ስላላማራቸው በእግራቸው ወርደው ሄዱ። ሌሎቹ ቀሩ። መጋቢት 1 ቀን 1910 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተዳፋቱ ለቀቀና ሁለቱንም ባቡሮች ጠርጎ ወደ ገደሉ ወረወራቸው። 96 ሰዎች ሞቱ። እስከ ዛሬ ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው የገደለ የበረዶ ናዳ እርሱ ነው።

በዚያ ሌሊት አየሩን ያላወቀ ሰው አልነበረም። በረዶው፣ ሙቀቱ፣ ዝናቡ ሁሉ በዓይን የሚታይ ነበር። ያልነበረው ነገር «ይህ አየር በዚህ ተዳፋት ላይ ሲደመር ይህን ያመጣል» ብሎ የሚናገር ሥርዓት ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጨረሻ የባቡር ኩባንያውን ነፃ አወጣው። አደጋው ከሰው አቅም በላይ ነው ተባለ። እኛ አገር «የእግዜር ቁጣ ነው» እንደምንለው ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ መሥመር ላይ ከዚያ በኋላ ኮንክሪት ጣሪያ ያላቸው የበረዶ መከላከያዎች ተሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ መሥመሩን ከዚያ ተዳፋት ሥር የሚያወጣ ረጅም ዋሻ ተከፈተ። ከሰው አቅም በላይ የተባለው ነገር በሰው እጅ የሚሠራ ሥራ ነበረው።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 1910 ሌሊት፣ ከዳርቻው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኘው በካናዳ የሮጀርስ ማለፊያ ሌላ ነገር ሆነ። ከአንደኛው ተራራ የወረደ ናዳ የባቡር ሐዲዱን ዘግቶ ስለነበር ሠራተኞች በሌሊት ተሰማርተው እየጠረጉ ነበር። እነሱ አካፋቸውን ይዘው በሚሠሩበት ሰዓት ከፊት ለፊቱ ተራራ ሁለተኛ ናዳ ወረደባቸው። 58 ሰዎች አለቁ። ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ከጃፓን የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። እነዚህን ሰዎች የገደላቸው የመጀመሪያው ናዳ ሳይሆን የመጀመሪያውን ናዳ ለማንሳት መሄዳቸው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ማስጠንቀቂያው ከየት መጣ?

ለብዙ ዓመታት የተሰጠው መልስ የግንብና የመድፍ መልስ ነበር። ዋሻ መቆፈር፣ ጣሪያ መሥራት፣ በሮጀርስ ማለፊያ እንደሚደረገው ደግሞ በወታደር መድፍ በረዶውን ሆን ብሎ አስቀድሞ ማውረድ። ይህ መንገድንና ባቡርን ይጠብቃል። ሆኖም በየተራራው ውስጥ ለሚሠራና ለሚንቀሳቀስ ሰው አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1965 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሰሜናዊ ዳርቻ በግራንዱክ የማዕድን ማውጫ ካምፕ ላይ የወረደ ናዳ 26 ሠራተኞችን ገደለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1974 ደግሞ በዚያው አካባቢ፣ ቴራስ ከምትባለው ከተማ በስተምዕራብ ባለው አውራ ጎዳና ዳር አንድ ምግብ ቤት በናዳ ተመትቶ 7 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው የክፍለ አገሩ መንግሥት ለአውራ ጎዳናዎቹ ቋሚ የናዳ ክትትል ያቋቋመው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የምንለው ዓይነት ነው፤ ቢሆንም ጮኸ።

ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ የሚጠቅመን ግን በዋሽንግተን ግዛት የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ታዋቂው የበረዶ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ኤድ ላሻፔል ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸው ጋር፣ የግዛቱ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በሰጠው ድጋፍ፣ የተራራ አየርንና የናዳን አደጋ አንድ ላይ የሚተነብይ የምርምር ፕሮጀክት ጀመሩ። ዛሬ የሰሜን ምዕራብ የበረዶ ናዳ ማዕከል የሚባለው ተቋም ከዚያ ፕሮጀክት የወጣ ነው። ልብ በሉልኝ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ አልተወለደም። እንደኛው ባለ ዲፓርትመንት ውስጥ፣ ጠመኔና ወረቀት ይዘው በሚከራከሩ ሰዎች መካከል ነው የተወለደው። በዛሬው ጊዜ በሲያትልና በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን፣ በተለይ በከባድ መኪና ሹፌርነት የሚሠሩት፣ የስኖኳልሚ ማለፊያ ለናዳ ቁጥጥር ተዘግቷል ሲባሉ መንገድ ዳር ቆመው የሚጠብቁት በዚህ ዓይነቱ ሥራ ምክንያት ነው። መጠበቁ ይሰለቻል፤ ግን ደርሰው ቤታቸው ይገባሉ።

አንድ የናዳ ማስጠንቀቂያ ሲነበብ ምን ይላል? መጀመሪያ የአደጋውን ደረጃ በአምስት ከፍሎ ይናገራል። 1 ዝቅተኛ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ጠንከር ያለ፣ 4 ከፍተኛ፣ 5 እጅግ ከፍተኛ። ደረጃውን ለተራራው ሁሉ በጅምላ አይሰጥም፤ ዛፍ ካለበት በታች፣ ዛፍ በሚያልቅበትና ከዚያ በላይ ብሎ በከፍታ ይለየዋል። ቀጥሎ የችግሩን ዓይነት ይናገራል። ንፋስ የከመረው ነው? አዲስ የወረደ ነው? ዝናብ ያራሰው ነው? ከዚያ የትኛው አቅጣጫ እንደሚያሰጋ ይጠቁማል። በመጨረሻም ምን ማድረግ እንደሚገባ በቀላል ቋንቋ ያስቀምጣል። አንድ ገጽ የማይሞላ ወረቀት ነው። ገበሬም ፕሮፌሰርም አንብቦት ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረበት። በዚያ የበረዶ ወቅት በካናዳ 29 ሰዎች በናዳ ሞቱ። ከእነሱ ውስጥ 7ቱ በሮጀርስ ማለፊያ አጠገብ ለሽርሽር ትምህርት የወጡ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ከዚህ በኋላ በ2004 ብሔራዊ የናዳ ማዕከል ተቋቋመ፤ የፓርኮች አስተዳደሩም ተዳፋቶቹን ቀላል፣ ፈታኝና ውስብስብ ብሎ በሦስት ደረጃ መደባቸው። የዚህ ምደባ ብልኃት ከዕለቱ አየር ጋር የማይለዋወጥ መሆኑ ነው። አየሩ በየቀኑ ይለወጣል፣ የተዳፋቱ ጠባይ ግን እዚያው አለ። አንድ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም ማየት አለበት።

ወረቀቱ ብቻውን አያድንም

እዚህ ላይ የተቃዋሚዎቼን አንድ ጥሩ ክርክር ማንሳት ይገባኛል። «ማስጠንቀቂያ ሰምተውም ይሞታሉ እኮ!» ይላሉ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 2012 ከዚያው ከዌሊንግተን ብዙ በማይርቀው በተነል ክሪክ፣ ተራራውን አብጠርጥረው የሚያውቁ ከደርዘን በላይ ሰዎች አብረው ወጥተው ናዳ ወረደባቸውና ሦስቱ ሞቱ። የዕለቱ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ብዙዎቹ የአደጋውን ሁኔታ ያውቁ ነበር። ጋዜጠኛ ጆን ብራንች በኒው ዮርክ ታይምስ ስለዚህ አደጋ የጻፈው ረጅም ዘገባ በ2013 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ከዚያ ዘገባ የምንረዳው የሚያውቁ ሰዎች ሲበዙ ስጋቱን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ሊጠፋ እንደሚችል ነው። እያንዳንዱ «እነ እገሌ ካሉ ምን እሆናለሁ» ይላል።

ኢያን ማካሞን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2003 በአሜሪካ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ሰዎችን የሚያታልሉ ነገሮችን ዘርዝሯል። ቦታውን መልመድ፣ የጀመሩትን ለመጨረስ መቸኮል፣ በሌሎች ዘንድ ለመወደድ መፈለግ፣ «እሱ ያውቃል» ተብሎ በአንድ ሰው መተማመን፣ ሌላው ሲያደርገው አይቶ መከተል፣ ዕድሉ እንዳያመልጥ መስገብገብ። እውነቱን እንነጋገርና ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነው በረዶ የሚያስፈልገው? ጎርፍ የሞላውን ወንዝ «ትናንትም ተሻግሬዋለሁ» ብሎ የሚገባ ሰው፣ ሚኒባሱ ገባ ብሎ የሚከተል ሹፌር፣ ሁላችንም የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ሦስተኛውን ደረጃ አስቡት። ብዙ ሰው የሚሞተው አምስት በተባለበት ቀን ሳይሆን ሦስት በተባለበት ቀን ነው። አምስት ሲባል ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ሦስት ሲባል ግን «መሐል ላይ ነው፣ ደህና ነው» ብሎ ይወጣል። ቁጥሩ እውነት ቢሆንም የሰሚው አእምሮ ሌላ አድርጎ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ከፊዚክስ በተጨማሪ የሰውን ጠባይና ቋንቋን ማወቅ ይጠይቃል። ወረቀቱ ብቻውን አያድንም ማለት ግን ወረቀቱ ይቅር ማለት አይደለም። በደንብ ይጻፍ፣ በደንብም ይማሩት ማለት ነው።

ከተቀበሩ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ካወቅን ሁሉም ነገር አስቀድሞ እንደሚወሰን ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት የካናዳንና የስዊዘርላንድን አደጋዎች አነጻጽሮ ነበር። በካናዳ በናዳ የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድል ይበልጥ በፍጥነት እንደሚያሽቆለቁል፣ በተለይም በዳርቻው ጥቅጥቅ ያለ በረዶ ውስጥ ሰው ቶሎ እንደሚታፈን አሳይቷል። ወሳኙ ጊዜ የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከከተማ የሚመጣ ነፍስ አድን የለም። የሚያድነው አብሮ ያለው ሰው ነው፤ ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይዞ ከሆነ፣ ራሱም ናዳው ካልደረሰበት።

ወደ አገራችን ስንመጣ

ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተዳፋቱ ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። በማግስቱ ጠዋት ሐምሌ 15 ጎረቤት የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰበሰበ። በእጁና ባገኘው መሣሪያ እየቆፈረ ሳለ ሁለተኛ ናዳ ወረደ። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ለነፍስ አድን ሥራ ሮጠው የመጡ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች እንደነበሩበት በወቅቱ ተዘግቧል።

ከላይ ያዙልኝ ያልኩት የሮጀርስ ማለፊያ ነጥብ ይኼ ነው። በ1910 አካፋ የያዙ ሠራተኞች፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤቱን ሊያድን የተሰበሰበ ሕዝብ በሁለተኛ ናዳ አለቀ። አንዱ በረዶ ነው፣ ሌላው አፈር ነው። ተዳፋቱ አንድ ጊዜ ለቅቆ በቀሪው ወገን አለመረጋጋቱ ግን በሁለቱም አለ። የናዳ ነፍስ አድን ትምህርት የሚወስድ ሰው እዚያ አገር መጀመሪያ የሚማረው ከመቆፈር በፊት ቀና ብሎ ማየትን ነው። ከበላይ ሌላ የሚወርድ አለ ወይ? አንድ ሰው ቆሞ ተዳፋቱን ይጠብቃል ወይ? የሚሮጡበት አቅጣጫ ታውቋል ወይ? እኛ ዘንድ ይህን ለሕዝቡ ማን ነው የሚነግረው? ወገኑ ተቀብሮ ሲጮህ ማንም ሰው አይቶ አይቆምም፤ መቆምም የለበትም። መጀመሪያ ቀና ብሎ እንዲያይ ግን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ልዩነቱንም መሸፋፈን አልፈልግም። የዳርቻው በረዶ በጥቂት ቀናት ይረጋጋል፤ በዝናብ የራሰ አፈር ግን ክረምቱን ሙሉ ውኃ እያጠራቀመ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የእነሱን ሰንጠረዥ ገልብጠን መለጠፍ አንችልም። ከዚህ የሚከብደው ልዩነት ደግሞ የሰዎቹ ነው። እዚያ ወደ ተዳፋቱ የሚሄደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመዝናናት ነው፤ «ዛሬ አትሂድ» ቢሉት ቤቱ ይቀመጣል። የእኛ ገበሬ ግን ቤቱ ራሱ ተዳፋቱ ላይ ነው። «ከሥሩ አትቁም» ብንለው የት ይቁም? ከብቱንስ የት ያድርግ? ለእሱ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ የሚያድርበትን ቦታ አብሮ ካልነገረው ስድብ ነው። ይህንን ጥያቄ ግን ልንጠይቅ የምንችለው የማስጠንቀቂያን አሠራር ከተማርን ብቻ ነው።

ምን ይደረግ?

በበኩሌ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ቻፕተሩ ይቆይ፤ ነገር ግን የበረዶ ዓይነቶችን በቃል ማጥናቱ ይቀንስና የማስጠንቀቂያ አጻጻፉ ይጨመርበት። ለፈተና የምንሸመድደውን የቅንጣት ስም ከፈተናው በኋላ ማናችንም አናስታውሰውም።

ሁለተኛ፣ በክረምት ወራት ዲፓርትመንቱ ውስጥ ለልምምድ ያህል በሳምንት አንድ ጊዜ የተዳፋት መግለጫ እንጻፍ። በአቅራቢያችን ካሉ ኮረብቶች ሦስት ወይም አራት እንምረጥ። ዘንበል ማለታቸውን በክሊኖሜትር እንለካ፣ ዛፍ ያለበትንና የሌለበትን እንለይ፣ ዝናቡን ከዝናብ መለኪያችን እንመዝግብ፣ ከዚያ ደረጃ ሰጥተን ምክንያታችንን እንጻፍ። በሚቀጥለው ሳምንት ሄደን የሆነውንና ያልሆነውን እናወዳድር። ይህ ወረቀት ከዲፓርትመንቱ ሰሌዳ መውጣት የለበትም። «ሕዝቡን ታሸብራላችሁ» የሚል ስጋት ያላቸው መምህሮቻችን ትክክል ናቸው፤ ሕዝብን ማስጠንቀቅ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ሥራ ነው። ነገ በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚቀጠረው ግን ማነው? ዛሬ በዚህ ክፍል የተቀመጠው ተማሪ አይደል?

ሦስተኛ፣ ለመስክ ጉዞ ስንወጣ ከመነሳታችን በፊት የመንገዱና የተዳፋቱ ሁኔታ ለአምስት ደቂቃ ይነገር። ማንኛውም ተማሪ፣ አንደኛ ዓመትም ይሁን፣ «እዚህ ላይ አንቁም» የማለት መብት እንዳለው በግልጽ ይነገረው። ተነል ክሪክ ላይ የጎደለው እውቀት አልነበረም። የጎደለው ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ እርሱን ደግሞ በመስክ ጉዞ ካላለማመድነው በሥራ ላይ አናገኘውም።

ይቅር የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ሐሳባችሁን በሚቀጥለው እትም ብትጽፉ ደስ ይለኛል። ክርክሩ ስለ በረዶ ብቻ ከሆነ እናንተ ታሸንፋላችሁ። እኔ ግን የምለው ስለ ተዳፋትና ከሥሩ ስለሚተኛ ሰው ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያውን ኮረብታ አብረን ወጥተን እንለካ።

ቸር ይግጠመን።